ዘፈኑ «ወንዝ» ይላል፣ መስኮቱ ሌላ ይላል

ሚኒባስ_ተሳፋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ሹፌሩ የድሮ ዘፈኖች በላይ በላዩ ያጫውታል። ቀበና ድልድይ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ዘፋኙ ስለ ኩልል ያለ ወንዝ ያንጎራጉራል፤ የሚወዳት ልጅ ከወንዙ ማዶ ናት። በመስኮት የሚገባው ሽታ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ በዜማው ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ለመደብኝ። ዘፈን ስሰማ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ወንዝና ጋራ ይመራሉ። አበባና ወፍ ይከተላሉ። ጨረቃም አለች፣ ጤዛም አለ። ክረምት ሁልጊዜ ችግር ነው፤ መስከረም ሁልጊዜ ተስፋ። ታክሲ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሚል ዘፈን ግን በጣቴ የምቆጥረው ነው፤ የምንኖረው እዚያ ውስጥ ሆኖ ሳለ!

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ተፈጥሮ በዘፈኖቻችን ውስጥ ሥራዋ ምንድን ነው? ጌጥ ናት ወይስ ሌላ? ደግሞስ ስለ ራሷ፣ ስለ ደረሰባት ጉዳት የምንዘፍነው አለ?

—

የጎጃም_ልጅ

ጌጥ? በጭራሽ። እኔ ገጠር ነው ያደግኩት። ክረምት ሲገባ የእኛ ወንዝ ይሞላና ገበያው ማዶ ይቀራል። አንድ ዓመት ማዶ ያለችው የአጎቴ ሚስት ወለደች። የምሥራቹን የሰማነው በጩኸት ነው። እውነቴን ነው፤ ከዳር ወደ ዳር ተጣርተው። ውሃው ድምፁን ስለዋጠው ወንድ ይሁን ሴት ሳንለይ መስከረም ጠባ። እናቴ ለሁለቱም የሚሆን ስም አዘጋጅታ ጠበቀች።

እዚያ አገር አንድ ጎረምሳ «ወንዙ ሞላ» ብሎ ቢያንጎራጉር ቅኔ እንዳይመስላችሁ። ዜና ነው። «ዘንድሮ አልመጣም፣ አትጠብቂኝ» ማለቱ ነው። ልጅቷም እንደ ዜና ነው የምትሰማው።

አሁን ድልድይ ተሠርቷል፣ ባጃጅ ሳይቀር ይሻገራል። ዘፈኑ ውስጥ ግን ወንዙ ዛሬም ይሞላል። የከተማ ልጆች ሲዘፍኑት እሰማለሁ፤ ደስ ይላል። ብቻ እነሱ ጋ የሚሞላው ሌላ ነገር ነው።

—

ነገረኛው

ወገኖቼ ነገሩን አታካብዱት። ወንዝና ጋራ የሚበዙት ቤት ስለሚመቱ ነው። «ጋራ» ብለህ ትጀምራለህ፣ «ካንቺ ጋራ» ብለህ ትዘጋለህ። አለቀ። ግጥም ጸሐፊ ሰነፍ ነው። «ኮንዶሚኒየም» በምን ይገጠማል? ሞክሩና አሳዩኝ።

—

ቅኝት_4

ነገረኛው፣ ልክ ነህ። ግን ሳታውቀው ነው ልክ የሆንከው።

ክራር እጫወታለሁ፤ እንጀራዬም ነው። «ጋራ» ያልከውን ቀስ ብለህ እየው። ጋራ ማለት ተራራ ነው፤ ሁለት ሰው መሀል የሚቆም። «ካንቺ ጋራ» ስትል ደግሞ አብሮ መሆን ነው። የሚያለያየውና የሚያገናኘው ባንድ ቃል ተጠቅልሏል። ገጣሚው ይሄን አልፈጠረውም፤ ቋንቋው አስቀምጦለት አገኘው። ሰም ስትሰማ ጋራው ይታይሃል፣ ወርቁ ግን «አብሬሽ ልሁን» ነው። አድማጩ ሁለቱንም ስለሚሰማ ነው እዚያ ቦታ ሲደርስ ከአንገቱ ሰበር የሚለው።

ሌላም ልጨምር። አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው አይደል? ባቲና አምባሰል የቦታ ስም ናቸው፣ ወሎ ውስጥ። አምባሰል አምባ ነው፣ ተራራ። ዘፋኙ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ እኔ ክራሬን «አምባሰል» ብዬ ስቃኝ አገሩ ገብቷል ማለት ነው። ግጥሙ ስለ ባቡር ቢሆን እንኳ።

መሣሪያዎቹም እንደዚያው ናቸው። ዋሽንት ሸምበቆ ነው። የመሰንቆው ክር የፈረስ ጭራ ነው፣ ፊቱ ቆዳ። የክራር ክር ድሮ ጅማት ነበር። የእኔ አሁን ናይለን ነው። ጅማት የሚያዘጋጅልኝ አላገኘሁም፣ ናይለን ደግሞ ሲርስ አይረግብም። እርጥበት ቀን የጅማት ክራር ድምፁ ይወርዳል ይሉ ነበር ያስተማሩኝ ሰው። «ዝናብ ሲመጣ ክራሬ ቀድሞኝ ያውቃል» ይሉኝ ነበር። የእኔ ክራር ዝናብ አያውቅም።

—

ሚኒባስ_ተሳፋሪ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አነበብኳት። ለመልስህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

—

ጤዛ

ይሄ ሁሉ ቆንጆ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ማንም አልነካውም። ተፈጥሮን እንጠቀምባታለን፤ መልእክተኛ፣ ምሳሌ፣ ሰም እናደርጋታለን። ስለ ራሷስ?

ማርቪን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣውን ዘፈን አስታውሱ። ርዕሱ ውስጥ በቅንፍ «ሥነ ምህዳር» የሚል ቃል አለበት! ዘፈኑ ለስላሳ ነው፤ ለጭፈራ ሁሉ ይሆናል። ሆኖም ባሕር ላይ ስለሚፈሰው ዘይት፣ በሜርኩሪ ስለተመረዘው ዓሣ ይናገራል። ማይክል ጃክሰንም እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ምድር ዘፍኗል። እኛ ጋ ስለ ዛፍ የሚዘፈነው ዘመቻ ሲኖር ነው። ችግኝ ተከላ ሲደርስ አንድ ዘፈን ይለቀቃል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ዘፈኑም ያልፋል። ችግኙ ይጽደቅ አይጽደቅ የሚጠይቅ ስንኝ እስካሁን አልሰማሁም።

—

የድሮ_ካሴት

ልጄ ጤዛ፣ በ1977 ዓ.ም. ወሎ ነበርኩ፣ አስተማሪ ሆኜ። ስለዚያ ዓመት ብዙ ማውራት አልወድም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ።

ካሴት ማጫወቻ ነበረኝ። ካሴቶቼ ውስጥ ስለ ደመና የሚያዜም አንድ ዘፈን አለ፤ ደመናው የሚመጣ የሚመስል፣ የማይመጣ፣ ልክ እንደ ልጅቷ። በፊት በጣም እወደው ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ማታ ከፈትኩት። የቤቱ አከራይ አሮጊት ገቡና፣ «ልጄ፣ ይሄን አጥፋልኝ» አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። ለእሳቸው ደመና ደመና ነው። ልጅቷ የት ገባችላቸው?

ስለዚህ «ስለ ተፈጥሮ ራሷ አንዘፍንም» ስትዪ ግማሹን እቀበልሻለሁ። ግማሹን ግን ዘፈኑ ሳይሆን ዘመኑ ነው የሚወስነው። ያው ስንኝ ዝናብ በዘነበ ዓመት የፍቅር ነው፣ ባልዘነበ ዓመት እንጉርጉሮ።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ፣ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰባስበው ለእኛ ረሃብ ያወጡትን የገና ዘፈን ታውቁታላችሁ። ብዙ ገንዘብ አሰባስቧል፣ ነፍስም አድኗል፤ አልክድም። ግጥሙ ግን ስለ አፍሪካ ሲናገር ምንም የማይበቅልባት፣ ዝናብም ወንዝም የሌለባት ምድር ያደርጋታል። ወንዝ የለም! ለዓባይ አገር! ሰው ያለቀው በድርቅ ብቻም አልነበረም፣ ጦርነቱም ነበር። ጦርነቱን ግን በገና ዘፈን ውስጥ ማስገባት አይመችም። ድርቅ ይመቻል፤ ድርቅ ማንንም አይከስም። ተፈጥሮ ለዘፋኝ እንዲህም ታገለግላለች፤ ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ሲጠፋ እሷ ትሸከማለች።

—

ጤዛ

ጋሼ፣ አሁን የጻፉት ከጥያቄዬ በላይ ነው። ስለ አሮጊቷ ማሰብ ማቆም አልቻልኩም። እርስዎ ካሴቱን አሁንም አለዎት?

—

የድሮ_ካሴት

አለ። ማጫወቻው ነው የሌለኝ።

—

ሐይቅ_ዳር

ዓባይ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ባሕር ዳር ነኝ።

ዓባይን በዘፈንና በተረት ስንወቅሰው ኖረናል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ተብሏል። ቤቱን ጥሎ የሚዞር ባል፣ የአገሩን አፈር ተሸክሞ የሚኮበልል ልጅ ነው። ይሄ ወቀሳ ዝም ብሎ የፈጠራ ነገር አልነበረም። ክረምት ላይ ወጥታችሁ ተመልከቱት፤ ቡና በወተት ነው የሚመስለው። ያ ቡኒ ነገር የእርሻችን አፈር ነው። ስለዚህ ጤዛ፣ አንቺ የጠየቅሽው የአፈር መሸርሸር ዘፈን ከጥንት ጀምሮ አለን። «የአፈር መሸርሸር» የሚል ርዕስ ስላልተሰጠው ነው ያላየነው።

ወቀሳ ብቻም አይደለም። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ ላይ «ዓባይ»ን ስትዘፍን ውበቱን እንደ ሰው ውበት ነው የምታወድሰው። ከዚያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ተጀመረ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። በእነዚያ 14 ዓመታት የዘፈኖቹን ግሥ ብትከታተሉ ለውጡ ይታያችኋል። ድሮ ዓባይ «ይሄዳል»፣ «ይዞራል»፣ «ጥሎ ይነጉዳል»። አሁን «ተመለሰ»፣ «ገባ»፣ «አደረ»። ኮብላዩ ልጅ ቤት ገባ። እኔ በግሌ የድሮዎቹ ዘፈኖች ይበልጡብኛል። ደስታ ዜማን ትንሽ ያሰንፈዋል መሰለኝ፤ አትስደቡኝ።

አሁን ደግሞ ያልተዘፈነውን ልንገራችሁ። ጢስ ዓባይን የዱሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ አይታችሁታል። ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወረወር ውሃ ነው። ስሙ ራሱ ግጥም ነው፤ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ዛሬ አብዛኛው ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚጠለፍ በበጋ ብትመጡ ገደሉ ላይ ቀጭን ነጭ ክር ነው የምታዩት። ክረምት ላይ ኑ። ጢሱ ያኔ ነው ያለው።

ጣና ላይ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚሉት አረም አለ። እኔ ከመንቀል ዘመቻው ጋር ወርጄ በእጄ ይዤዋለሁ። ግንዱ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውስጡ አየር ስለሆነ አይሰጥምም። ሥሩ ጥቁር ጭራ ነው፣ ረጅም። ከጀልባው ሞተር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ያቃስታል። አበባው ግን... አበባው በጣም ያምራል። ሐምራዊ ነው፤ መሀሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ምን እንደሆነ ባታውቀው ለምትወዳት ልጅ ትቆርጥላታለህ። አጠገቤ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ «አበባው ባያምር ኖሮ ቀድመን እንነቅለው ነበር» አለኝ። መረቤን ዋጠው ይላል። እንግዲህ አበባ በዘፈኖቻችን ሁልጊዜ ደግ ነው። ክፉ አበባ የሚዘፍን ሰው የት አለ?

—

አትክልተኛ

ሐይቅ_ዳር ስለ አበባ ያነሳኸው ልክ የእኔ ሥራ ስለሆነ ልግባበት።

አደይ አበባ ጊዜዋ አጭር ነው። መስከረም ላይ ትፈካለች፣ ጥቅምት ሲያልፍ ሄዳለች። የምትወደው ቦታ የግጦሽ መስክ፣ የማሳ ዳርና ማንም ያልነካው ዳገት ነው። ለአበባየሆሽ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ትልቅ ጫካ አልነበረም። ያልታረሰች አንዲት ዳር ትበቃቸው ነበር። ግን መሬት ሲጠብ መጀመሪያ የምትታረሰው ያቺ ዳር ናት። ከተማ ውስጥ ደግሞ በእስር ትገዛለች። የሠፈሬ ልጆች አምና የወረቀት አበባ ይዘው መጡ። ዘፈኑን ግን አንድ ቃል አላጓደሉም።

ዋርካም እንደዚያው ነው። ሽማግሌ የሚሸመግልበት፣ ዕድር የሚሰበሰብበት፣ ፍቅረኛ የሚቀጣጠርበት ዛፍ እሱ ነው። አንድ ትልቅ ዋርካ ሲያፈራ የሠፈሩ ወፍ ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፤ ጫጫታው አያስተኛም። ስለዚህ «ዋርካው ላይ ያለችው ወፍ» የሚል ስንኝ ከሰማችሁ ገጣሚው ዓይኑን ጨፍኖ አልጻፈውም። በየገጠሩ አሁን ነባር ዛፍ የምታገኙት በብዛት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከሩቅ ስታዩት በታረሰ ሜዳ መሀል ክብ አረንጓዴ።

አዲስ አበባን ያለበሰው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣ፤ ለማገዶና ለቤት ሥራ። ከተማዋ ማገዶ አጥታ ልትነሳ ስትል አስቀመጣት ማለት ይቻላል። ይሄን ያህል ውለታ የዋለ ዛፍ ግን እኔ በሰማኋቸው የፍቅር ዘፈኖች ውስጥ የለም። ጥላው ስስ ነው፣ ሥሩ ውሃ ይጠጣል፣ ቀጥ ብሎ አድጎ ይቆረጣል። እሱ ሥር ማን ይቀጣጠራል?

—

የጎጃም_ልጅ

አትክልተኛ፣ እንግጫን ረሳሃት! እኛ ጋ ጳጉሜ ላይ ልጃገረዶች እየዘፈኑ መስክ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ ጋር ይጎነጉኗታል። እንግጫ የምትወደው እርጥብ መስክ ነው። የእኛ መስክ ውሃው ተጠንፍፎ ታርሷል። እህቴ ባለፈው ስትሄድ እንግጫ ፍለጋ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ተጓዘች። «ዘፈኑ አለቀብን፣ ሣሩ ሳይገኝ» አለችኝ በስልክ እየሳቀች።

—

ነገረኛው

እሺ፣ እጄን ሰጠሁ። ቤት ለመምታት ብቻ አይደለም። ግን ቅኝት_4፣ ወሬ በቃ፤ አንተ ሙያተኛ ነህ አይደል? እስኪ የራስህን አንድ ስንኝ ወዲህ በል፤ ስለ ተፈጥሮም የሆነ፣ ስለ ሴትም የሆነ።

—

ቅኝት_4

ጉድ አመጣህብኝ። እሺ፣ አሁን እዚሁ ቁጭ ብዬ የሞካከርኩት ነው፣ አትሳቁብኝ፦

ዋርካዋ ተቆርጣ ፀሐይ ቢፈጀኝ፣
ጥላ ሄዳለችና ማን ይከልለኝ።

—

ጤዛ

ጥላ! የዛፉ ጥላ ሄደች፤ ልጅቷም ጥላ ሄደች። ወይኔ፣ ቀላል መስላ ነካችኝ።

—

ነገረኛው

ልጅቷ ከሆነች «ጥላኝ ሄዳለች» ነው የሚባለው። ደግሞ ዋርካ መቼ ነው ሴት የሆነው? «ዋርካው» ነው።

—

ቅኝት_4

«ጥላኝ» ካልኩ ዛፉ ይሞትብኛል። ሰሙን ለማዳን ወርቁን ትንሽ ጎዳሁት። ዋርካዋን ደግሞ ስለምወዳት አንስታይ አደረግኳት፤ አማርኛ ይፈቅድልኛል። ልብ በል ግን፤ ይሄ ስንኝ የሚሠራው ሰሚው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ከሆነ ነው። ለማያውቅ አንዱ ትርጉም ብቻ ይቀራል። ሰም የሌለው ወርቅ ቅኔ አይባልም፣ ወሬ ነው።

—

ሚኒባስ_ተሳፋሪ

እኔ በበኩሌ የዘፈን ቆጠራዬን ዛሬ አሻሻልኩት። አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፤ «የተዘፈነው ነገር አሁን አለ ወይ?» የሚል። ቀበና ወንዝ ዳር አሁን ተሠርቶ መናፈሻ ሆኗል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ይዝናናል። እሱ ጋ ምን ልጻፍ?

—

ነገረኛው

«በጥገና ላይ» በል።

—

ሐይቅ_ዳር

እኔ ደግሞ ከዚህ ውይይት ተነስቼ አንድ ነገር እየሞከርኩ ነው። ያ ዓሣ አጥማጅ ያለኝን ወደ ግጥም ልቀይረው ነው፣ ስለ ክፉው አበባ። ሠፈር ውስጥ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አለ፤ ዜማ እሠራለሁ ብሎኛል። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ነገረኛው፣ አንተ ቤት መምታት ታውቃለህ። ከ«እምቦጭ» ጋር ምን ይገጥማል?

—

ነገረኛው

ጎጭ፣ ፈንጭ... ኧረ አስቸጋሪ ነው። እንደ ኮንዶሚኒየም ሆነብኝ።

—

የድሮ_ካሴት

ምንጭ።

—

ሐይቅ_ዳር

ጋሼ፣ ያዝኳት።